የላክሽው ሪያልና የአገርሽ ጨፌ



ባለፈው ዓርብ እዚህ አል-ዓሪዳ ቡና አፍልተን ነበር። አራት ነበርን ማለት ይቻላል፤ ሁለታችን ዕረፍት ነበረን፣ ሦስተኛዋ ማዳሟን ለምና ለሁለት ሰዓት የወጣች ናት፣ አራተኛዋ ደግሞ ከጃዛን ከተማ በስልክ ምስል እያየችን የራሷን ሲኒ ይዛ ነው አብራን የጠጣችው። ቡናው ችግር የለውም። በአል-ዓሪዳና በአጎራባቾቹ ተራሮች ቡና ይበቅላል፤ የኸውላኒ ቡና አመራረት እ.ኤ.አ. በ2022 ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ነው። ከረከቦቱ ሥር የተጎዘጎዘው ቄጠማ ግን ፕላስቲክ ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ። ሲጨርሱ ተራግፎ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ግድግዳ ላይ ተሰጥቶ፣ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ዓርብ ይቀመጣል። አይጠወልግም። አይሸትምም።

«የሚጎድለው ሽታው ብቻ ነው» አለች አንዷ። እኔም ነገር ለማስረዘም ያህል «ለመሆኑ አገር ቤት ቄጠማው ከየት ነበር የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኩ። የአዲስ አበባዋ ልጅ «ከገበያ» አለች። የከሚሴዋ ሳቀችባትና «ከጨፌ ነዋ!» አለቻት። ቀጥላ ግን ዝም አለች። «አሁንማ ጨፌው ሽንኩርት ሆኗል» አለችን።

ዛሬ ላወራሽ የፈለግኩት ስለዚህ ጨፌ ነው። ስለ ኢቃማ፣ ስለ ደመወዝና ስለ አሠሪ በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ብለናል፤ ገናም እንላለን። ጨፌው ግን የእኛ ጉዳይ አይመስለንም። እኔም አይመስለኝም ነበር።

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ርጥበት አዘል መሬት» ይሉታል። እኛ ጨፌ፣ ረግረግ፣ ማጥ እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜም እንደ ስድብ ነው የምንጠራው። ከብት የሚሰምጥበት፣ ትንኝ የሚፈላበት፣ የማይታረስ፣ ጥቅም የሌለው መሬት። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፦ ጨፌ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይጠጣና በበጋ ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። ከታች ያለው ምንጭ በግንቦት የሚንጠባጠበው ከላይ ያለው ጨፌ በነሐሴ ስለጠጣ ነው። ጎርፉ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያስቀራል፣ ውኃውን ያጣራል፣ ሌላው መሬት ሁሉ ሲገረጣ ለከብት ሣር ይሰጣል። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ 35 በመቶ የሚሆነው የዚህ ዓይነት መሬት ጠፍቷል፤ የሚጠፋውም ከደን በሦስት እጥፍ ፍጥነት ነው። ለደን የሚያለቅስ ሞልቷል። ለረግረግ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከወሎ የመጣሽ ከሆንሽ የጨፋን ሜዳ ታውቂዋለሽ። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ የሚተኛበት ሰፊ ረግረግ ነው። በበጋ አፋሮች ግመልና ከብታቸውን ነድተው የሚመጡት እዚያ ነው፤ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው ነው። የሣሩ መሬት እየታረሰ በጠበበ ቁጥር የግጦሽ ጠቡ ይበረታል። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። እዚያው አካባቢ ነው ያደግኩት።

አሁን ኃጢአቴን ልንገርሽ። በ2008 ዓ.ም. ያ ክፉ ድርቅ በመጣ ጊዜ እኔ እዚህ በሰው ቤት እሠራ ነበር። ወንድሜ ደወለና «የውኃ መሳቢያ ሞተር ብትገዢልኝ ከልመና እንድናለን» አለኝ። የአራት ወር ደመወዜን በሃዋላ ላክሁለት። ሞተሩን ገዛ። በጨፌው ጠርዝ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን አጠነፈፈ፣ ሽንኩርት ተከለ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ባሕር ዛፍ አቆመበት። ሁለት ዓመት ጥሩ ሸጠ። ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ ፎቶውን ልኮልኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። በአምስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ከጨፌው በታች ያለው፣ እናቴ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ጀምሮ የቀዳችበት ምንጭ ቆመ። አሁን የሰፈሩ ልጃገረዶች ውኃ ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይሄዳሉ።

ምንጩ የደረቀው በወንድሜ ሞተር ብቻ ነው አልልም። ዝናቡም ተለውጧል፣ ሰዉም በዝቷል። በዚያ ጨፌ ዳር ግን ዛሬ ሰባት ሞተር ይጮኻል። የማን ገንዘብ እንደገዛቸው አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ስድስቱ የተገዙት ከሳዑዲ በተላከ ገንዘብ ነው። ሰው ቤት ወለል ወልውለን፣ ሕፃን አዝለን፣ ሌሊት እንግዳ አስተናግደን ያገኘነው ሪያል አገር ቤት ገብቶ የእናታችንን ምንጭ ጠጣው። ማንም አልከሰሰኝም። እኔ ግን አውቄዋለሁ።

ወንድሜ መሃይም እንዳይመስልሽ፤ አሥረኛ ክፍል ደርሷል። በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ርጥበት አዘል መሬት ተምሯል፤ ትርጉሙን በቃሉ ይልልሻል። ትምህርት ቤታቸው ከጨፌው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መምህሩ ይዟቸው ወርዶ «ይኸውላችሁ፣ የተማራችሁት ይህ ነው፤ እስቲ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ተከትላችሁ አሳዩኝ» አላለም። ስለዚህ ለወንድሜ ጨፌ የፈተና ጥያቄ ነው፤ በጓሮው ያለው ደግሞ ባዶ መሬት። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያሳየው የለም።

ይህን ክፍተት የሚሞላ የትምህርት መንገድ አለ፤ በማኅበረሰብ አገልግሎት መማር ይሉታል። ስሙ ረዥም ነው፤ ነገሩ ቀላል ነው። ተማሪው ለሰፈሩ የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ ይሠራል፣ ሥራውም ከሚማረው ትምህርት ጋር የተያያዘ ይሆናል፣ ከሠራ በኋላ ደግሞ ተቀምጦ «ምን አየሁ? ለምን ሆነ?» ብሎ ያስባል፣ ይጽፋል፣ ለሰው ይናገራል። የመጨረሻው ከሌለ ዘመቻ ብቻ ይሆናል። ዘመቻ ደግሞ አገራችን ሞልቷል።

ጣናን እንይ። ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። እምቦጭ የሚባለው አረም የታየበት በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አረሙ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ሲያዩት ያምራል፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ከ200 በላይ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው፣ ጣና የእኛም ነው ማለታቸው ነው፣ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ከአማራ ወጣቶች ጋር ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን ነቅለዋል። ያን ቀን እኔ ወጥ ቤት ቆሜ በስልኬ እያየሁ አልቅሻለሁ፤ ድስቱም አርሮብኛል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ወር የቆየ ትልቅ ዘመቻ ተካሄደ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ መንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ወጣ። ከእኛም መካከል ለማሽን መግዣ ያዋጡ ነበሩ።

ፍቅሩን አላቃልልም። ግን ልጠይቅ፦ ያን ቀን ጭቃ ውስጥ ቆሞ የነቀለው ተማሪ እምቦጩ ለምን እንደመጣና ለምን እንደሚወፍር ተነግሮታል? አረሙን የሚቀልበው ከማሳው ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ነው። ይህን ሁሉ ከሐይቁ ደጃፍ ላይ ያስቀር የነበረው ደግሞ ዳር ዳሩን የከበበው ደንገልና ረግረግ ነበር፤ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። ውኃው በበጋ ሲሸሽ ሰዉ ተከትሎ ያርሰዋል፤ ደንገሉም ይጨዳል። ይህን ያልሰማ ልጅ ጠዋት እምቦጭ ነቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ የአባቱን በሬ ይዞ የሐይቁን ዳር ቢያርስ አይፈረድበትም። የተነቀለውም አረም ዳር ላይ ተከምሮ ሲቀር ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።

ፎገራም እንዲሁ ነው። የፎገራ ከብት በረግረግ ሣር የኖረ፣ ወተቱ የተመሰገነ ዘር ነው። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ፤ ሩዙ ሰዉን አበላ፣ ገንዘብም አመጣ፤ የግጦሹ ረግረግ ግን እየጠበበ ከብቱም ተመናመነ። እዚያው ያሉት ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች፣ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ባለ ረዥም እግር ወፎች የሚያርፉባቸው፣ በሞተርና በእርሻ ተበልተዋል። ሩዝ አትዝሩ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። የራበው ሰው ወፍ አይቆጥርም። የምለው ሲታረስ ምን እየተከፈለ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ይኑር ነው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው የሚፈጠረው ደግሞ በልጅነቱ ነው።

ከሐረር በኩል የመጣሽ እህቴ ስለ ሐረማያ አንቺ ትነግሪናለሽ። ሐረርን ሲያጠጣ የኖረው ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 ገደማ ደርቆ ሜዳ ሆኗል። ጫት ለማጠጣት በሞተር ተቀዳ፣ ከተራራው አፈር ወርዶ ሞላው፣ የሐረር ሰው ውኃ በጀሪካን ፍለጋ ተንከራተተ፤ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ እስኪመጣለት ድረስ። የሚገርመኝ በሐይቁ አጠገብ ያለው ነገር ነው። አገሪቱ ካሏት አንጋፋ የግብርና ትምህርት ቦታዎች አንዱ እዚያው ቆሟል። ስንት የአፈርና የውኃ ምሩቅ ወጥቶበታል! ዕውቀቱ በግቢ አጥር ውስጥ ነበር፣ ሐይቁ ከአጥር ውጭ። ደግነቱ ባለፉት ዓመታት በተፋሰሱ ላይ ተሠርቶ፣ ዝናቡም ረድቶ፣ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። እኔ የምይዘው መመለሱን ነው። የሞተ የመሰለ ጨፌ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው፤ የሚያነሣው ሰው ካለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ጃዛን ነው ያለሁት፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልኛል?» ትዪኝ ይሆናል። እሺ፣ ጃዛንን እንይ።

እዚህ አል-ዓሪዳ ሆነን ውኃ ስናይ ወይ ከቧንቧ ነው ወይ ሰይል ነው። ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ብቻ የሆነው ዋዲ ተራራው ላይ ሲዘንብ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪና ይወስዳል። ያንን ጎርፍ ለመያዝ ነው በዋዲ ጃዛን ላይ ግድቡ ከ50 ዓመት በፊት የተሠራው፤ ከታች ያለው ሜዳ ማሽላ የሚያበቅለው ውኃው በዘዴ ሲለቀቅለት ነው። ማሽላውን ሳይ አገሬ ያለሁ ይመስለኛል። ዋዲው የሚያመራበት ባሕር ዳር ደግሞ በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ አለ፤ እዚህ ያሉ ሰዎች አንዱን ዓይነት ሹራ፣ ሌላውን ቀንደል ይሉታል። ማንግሩቭ ማለት ነው። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተወሳስቦ ለዓሣና ለሽሪምፕ ጫጩት መደበቂያ ይሆናል። ከጃዛን ገበያ መጥቶ አንቺ ቅርፊቱን የምትልጪው ዓሣ ልጅነቱን እዚያ ሥር አሳልፎ ይሆናል። በፋራሳን ደሴቶችም ይኸው ዛፍ አለ፤ ደሴቶቹ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተጠበቁ ናቸው፣ በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ ከሰውና ተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎቹ መዝገብ አስገብቷቸዋል።

የሳዑዲ መንግሥት በዚያው በ2021 አረንጓዴ ኢኒሼቲቩን ሲያውጅ 10 ቢሊዮን ዛፍ ለመትከል አቅዷል፤ በባሕሩ ዳር የሚተከለው ማንግሩቭም ከዚሁ ይቆጠራል። በራዕይ 2030 ደግሞ በዓመት አንድ ሚሊዮን በጎ ፈቃደኛ የማግኘት ግብ አስቀምጠው ነበር። ቀድሞ የሠራሁበት ቤት ልጅ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጋር ሹራ ሊተክል ሄዶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ያንን ጭቃ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የባሕር ጭቃ ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ነጭ ልብስ ላይ አይለቅም፤ በልቤ ተራግሜያለሁ። ልጁ ግን ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ስለ ዛፉ ሥር፣ ስለ ሽሪምፑ፣ ውኃው ሲሞላና ሲሸሽ ስላየው ነገር ሲነግረኝ አመሸ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እናቱ እንኳ ያንን አታውቅም። በዚያ ምሽት ነው «የእኛ ልጆችስ?» ብዬ መጀመሪያ የጠየቅኩት። የእህቴ ልጅ ያኔ ተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ነበረች፤ ጨፌ ውስጥ የምትገባው ግን ጥጃ ስትፈልግ ብቻ ነው።

ትንኙን ረስቼው አይደለም። ጃዛን ከርሞ ትንኝን የሚንቅ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 መስከረም ላይ የሪፍት ቫሊ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚሁ ጃዛንና አዋሳኙ የመን ነው። ከብትና በግ ጨረሰ፤ በሳዑዲ ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ያሰራጨው ትንኝ ጎርፍ ከዘነበ በኋላ በቆመ ውኃ ውስጥ የሚፈላ ነው። ወባውንም ከዚህም ከዚያም እናውቀዋለን። ስለዚህ «ረግረግ ይድረቅ፣ በሽታ ይጥፋ» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ግን ሕያው ጨፌ ውስጥ ዓሣ አለ፣ እንቁራሪት አለ፣ የትንኝ እጭ የሚበላ ብዙ ፍጥረት አለ። ጠላት የሚሆነው የተቆራረጠው፣ ሕይወቱ ያለቀ፣ ቦይና ጉድጓድ የሆነው ውኃ ነው። የደንጌን ትንኝ ደግሞ ጨፌም አትፈልግም፤ ጣሪያ ላይ ክዳኑ የተከፈተ ኸዛን፣ ጓሮ የተረሳ ባልዲ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ሳህን ይበቃታል። ይህን ዛሬውኑ ማየት ትችያለሽ፤ የአንቺንም ጤና ነው።

አንድ ፍርሃት አለኝ፣ አንቺ ከማንም በላይ ትረጂኛለሽ። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚለው ስም ሥር ልጆችን ያለ ክፍያ ማሠራት ሊደበቅ ይችላል። ተማሪ አሰልፎ የባለሥልጣን ማሳ ማሳረም፣ ጫማ የሌለውን ልጅ ቢልሃርዚያ ያለበት ውኃ ውስጥ አስገብቶ እምቦጭ ማስነቀል አገልግሎት አይደለም። ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምክንያት፣ ያለ ምስጋና መሥራት ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ በልጆቻችን ላይ ሲደገም ስሙ ስላማረ ዝም ማለት የለብንም። መለያው ቀላል ነው። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ «ምን ሠራህ?» ብትዪው ይመልሳል። «ለምን?» ብትዪው ካልመለሰ ተማሪ ሳይሆን የቀን ሠራተኛ ሆኖ ነው የዋለው።

አንቺ ከዚህ ሆነሽ የምትችዪው ምንድን ነው? ብዙ አልጠይቅሽም። ቀንሽ በማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስልኩ ራሱ የሚሰጥሽ በሳምንት አንድ ቀን ይሆናል። ግን ሁለት ነገር በእጅሽ ነው፦ የምትልኪው ገንዘብና የምትደውዪው ደቂቃ። ሞተር ግዢልኝ ሲሉሽ አትከልክዪ፤ እኔም ዛሬ ቢለምነኝ እምቢ የምል አይመስለኝም። ነገር ግን ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። ከየት ነው የምትቀዱት? ከታች ማን ይጠጣል? ጨፌው ዳር ያለውን ሣርና ደንገል ሳትነኩ ጥቂት እርምጃ ትተዋላችሁ ወይ? ባሕር ዛፉን ከምንጩ አርቃችሁ መትከል አይቻልም? ገንዘብ የሚልክ ሰው ሲጠይቅ ይሰማል። ለሠርግና ለቆርቆሮ ስንጠይቅ እንሰማ የለ?

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ከእኛ መካከል ለመማሪያ ክፍል ጣሪያ፣ ለወንበር፣ ለመጻሕፍት ያላዋጣች ጥቂት ናት። በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አለ፤ እናትሽ ወይም ወንድምሽ እዚያ ይቀመጣሉ። የሚቀጥለውን መዋጮ ስትልኪ አንድ ጥያቄ ጨምሪበት፦ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች በወር አንድ ቀን ወደ ጨፌው ወይ ወደ ምንጩ ይውረዱ። የሚያስፈልገው ሀያ ሊትር ጀሪካን፣ ሰዓትና ደብተር ነው። ጀሪካኑ ምንጩ ሥር ተደቅኖ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይለካሉ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በአንድ ሰዓት ስንት ሊትር እንደሆነ ያሰላሉ፤ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ለምን እንደቀነሰ ይነጋገራሉ። ሽማግሌ ጠይቀው ዱሮ ውኃው የት ድረስ ይደርስ እንደነበር በካርታ ይሥሉታል። ከዚያ ወይ የተሰበረውን የምንጭ ክትር ይጠግናሉ ወይ ደንገል መልሰው ይተክላሉ፤ ያገኙትንም ቁጥር በቀበሌው ስብሰባ ቆመው ያነባሉ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአዋቂ ፊት «ጥር ላይ ይህን ያህል ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ነው» ሲል ሞተር ያለው ሁሉ አንገቱን ያቀረቅራል። በኢሉባቦር ጨፌውን የሚያስተባብር «አባ ላጋ» የሚባል የሰፈር ኃላፊ የነበረበት ልማድ አለ፤ ቦዩ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚወሰነው በሱ አስተባባሪነት ነበር። ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም ለማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 2 የዓለም የርጥበት አዘል መሬቶች ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ ስምምነቱ የተፈረመበት ዕለት ነው። ዘንድሮ በዚያን ቀን በየቦታው ሰልፍና ንግግር ነበር። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ግን ምንም አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ታኅሣሥ ላይ በእኔ ውትወታ ከአንድ መምህሯና ከስምንት ልጆች ጋር ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወርዳ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ምንጩ እንደገና መፍሰስ ጀምሮ ነበርና የመጀመሪያውን ቁጥር በድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ አራት ደቂቃ። ጥር ላይ ስድስት ደቂቃ። መጋቢት ላይ አሥራ አንድ።

ወንድሜ ሞተሩን አልሸጠም። አልጠየቅኩትምም። መጋቢት ላይ ግን ልጅቷ ቁጥሩን ቤት ድረስ አምጥታ በእራት ሰዓት አነበበችበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምንጩ ራስጌ ያሉትን ባሕር ዛፎች ቆርጦ እንደሸጠ ሰማሁ፤ ግንዱ እንዳያቆጠቁጥም ነቅሎታል። ለምን እንዳደረገው ለእኔ አልነገረኝም፣ እንጨቱ ዋጋ አውጥቶ ይሆናል። ባለፈው ዓርብ ቡናውን ጨርሰን ፕላስቲኩን ቄጠማ እየጠቀለልን ሳለ ልጅቷ ደወለች። የሚያዝያውን ልካ ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ «ሁለት ቀን ጥሏል፣ እሱንም ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ግንቦት ላይ እንደገና ትወርዳለች።